ለፉጨትህ የተተወ ቦታ

ውድ ፊሽካ፣

በመጀመሪያ አትደንግጥ፤ ሞተሃል። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ባሕር ማዶ ያለች አንዲት የጀልባ ትኬት ቆራጭ ናት። በአጭር ፊልም ውስጥ፣ ለስለስ ባለ ሙዚቃ ታጅባ፣ በጣም አሳምራ ገድላሃለች። ያየው ሁሉ አልቅሷል። አክስታችን እንዲያውም ጥቁር ለብሳ መጥታ ነበር።

ይህን እያነበብክ ከሳቅህ እባክህ ጮክ ብለህ ሳቅ። ከሳቅህ አለህ ማለት ነው፤ እኔም የምጽፍልህ ይህንኑ ለማወቅ ነው። አድራሻህን ስለማላውቅ ደብዳቤውን በድሮው ኢሜይልህ እልከዋለሁ፣ ለሚያውቁህ ሁሉ እበትነዋለሁ፣ በትምህርታችን ገጽ ላይም እለጥፈዋለሁ። የፈለገ ያንብበው። እኔ ጉዳዬ ከአንተ ጋር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። አንተ ከሄድክ በኋላ የርቀት ትምህርት ጀምሬያለሁ። ዩኒቨርሲቲውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ለእኔ ዩኒቨርሲቲ ማለት እማዬ ልብስ የምትተኩስበት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ ማጠፊያው የላላ ላፕቶፕ ነው። ጠዋት ጠዋት እሱ ላይ እማራለሁ። ከዚያ መናኸሪያ ሄጄ እንደምታውቀው ማይክሮፎኔ ፊት ቁጭ ብዬ ስጮኽ እውላለሁ። «ሻንጣ የረሱ ተሳፋሪ፣ ልጅ የጠፋባቸው እናት፣ ወደ መረጃ ክፍል ይምጡ።» የጠፋ ስጠራ መዋል ነው ሥራዬ።

ዘንድሮ ዲጂታል ትረካ የሚባል ኮርስ ወሰድን። በፎቶግራፍ፣ በድምፅና በትንሽ ሙዚቃ አጭር ታሪክ መሥራት ነው። የእኛ ዩኒቨርሲቲ ከሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ፣ ከዚያ አንድ ከዚህ አንድ እያጣመረ በኢንተርኔት አብረን እንድንሠራ አደረገ። ደንቡ ግን ለየት ይላል። የራስህን ታሪክ ራስህ አትተርክም። ከአንተ ጋር ለተጣመረችው ሰው ትሰጣታለህ፤ እሷ «እኔ» እያለች በራሷ ድምፅ ትተርከዋለች፤ አንተም የእሷን እንደዚያው። የሠራችውን የምታየው ደግሞ ተለጥፎ ሰው ሁሉ ሲያየው ነው። መምህራችን «ታሪካችሁን ለሌላ ሰው አምናችሁ መስጠትን ተለማመዱ» ይላሉ። እሳቸው ምን ቸገራቸው።

ለእኔ የደረሰችኝ ይህች ትኬት ቆራጭ ናት። ትልቅ ወንዝ ዳር፣ ጀልባ ጣቢያ ውስጥ፣ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጣ ትሠራለች። የማናችንም ባልሆነ እንግሊዝኛ፣ እሷም እየሰበረች እኔም እየሰበርኩ እናወራለን። ሳቋ ግድግዳ ያናውጣል። እማዬ ከጓዳ ሆና ስትሰማት «ያቺ ጎረቤትሽ ደወለች?» አለችኝ። ባሕር አቋርጦ የሚመጣ ድምፅ ነው ብላት «ታዲያ እንዲህ ቅርብ የሆነው ለምንድን ነው?» ብላ አላመነችኝም። የሴትዮዋ ስም ጎረቤት ሆኖ ቀረ። እማዬ በካሜራው ፊት ስታልፍ ጎንበስ ብላ «ደህና ነሽ የኔ ልጅ? ምሳ በላሽ?» ትላታለች፤ ጎረቤትም በራሷ ቋንቋ ረዘም ያለ ነገር ትመልስላታለች። ምን እንደተባባሉ ሁለቱም አያውቁም፤ ግን ተጣልተው አያውቁም።

የእሷን ታሪክ እኔ ተረክሁ። ወንዙ ላይ ድልድይ እየተሠራ ነው፤ ድልድዩ ሲያልቅ ጀልባውም ትኬቱም እሷም አያስፈልጉም። አንጀት የሚበላ ታሪክ ነው። እኔ ግን ስቀዳው የአምስት ሰዓቱ አውቶቡስ ሊነሳ ነው የምል ነው የመሰለው። መምህራችን «ጥሩ ነው፤ ግን ተሳፋሪ አትጥሪ» ብለው ጻፉልኝ። አንተ ብትሰማው ኖሮ መላገጫህ አድርገኸኝ ትከርም ነበር።

እኔ ለእሷ የሰጠኋት አንተን ነው። ሌላ ታሪክ አጥቼ አይደለም። አንተን ለማንም ሰው ሳላወራ ብዙ ጊዜ ስለቆየሁ፣ ለማያውቅህ ሰው ማውራት ቀለለኝ። ከልጅነትህ ጀምሮ በር አንኳኩተህ እንደማታውቅ ነገርኳት። ደጅ ቆመህ ታፏጫለህ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። እማዬም የትም ብትሆን፣ እጇ ሳሙና ውስጥም ቢሆን፣ «ክፍት ነው፣ ግፋው!» ብላ ትጮኻለች። ሰፈሩ ፊሽካ ያለህም በዚሁ ነው አልኳት። ጎረቤት በሳቅ ሞተች።

ከዚያ ፎቶ ላክሁላት። በሩን፣ ክፍልህን፣ አልጋህን። ክፍልህ እንደተውከው ነው። እማዬ በየቅዳሜው አንሶላህን ታጥባለች፤ ማንም ያልተኛበትን አንሶላ። አንዴ «ምኑ ቆሽሾ ነው?» ብላት «ልጄ ሲመጣ ደክሞት ነው የሚመጣው። ያን ጊዜ አንሶላ ፍለጋ ልሩጥ?» አለችኝ። ጥቁሩን ጫማህንም ትወለውልና ከአልጋው ሥር ጎን ለጎን፣ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙራ ታስቀምጠዋለች። እኔ ይህን ሳይ ደስ ይለኛል፤ አንስቼ ላክሁት።

የት እንዳለህ ግን አልነገርኳትም። አላውቅማ! ሥራ ፍለጋ እንደወጣህ በየሳምንቱ ትደውል ነበር፤ ከዚያ በየወሩ ሆነ፤ ከዚያ አንድ ቀን «ትንሽ ልረጋጋና እኔው እደውላለሁ» አልክ። እኔም «እሺ» አልኩህ። ከዚያ ወዲህ ስደውል የምታነሳው ያቺ የተቀዳች ሴትዮ ናት፤ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም የምትለዋ። እኔም በድምፄ የማድር ነኝና የሙያ ባልደረባዬ ናት፤ ግን በዚህ ዓለም ላይ እንደ እሷ የምጠላው ሰው የለም።

ጎረቤት የአልጋህንና የጫማህን ፎቶ ያየች ቀን ሳቋ ቆመ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ስላመንሽኝ አመሰግናለሁ» አለችኝ። የት ነው ያለው ብላ አልጠየቀችኝም። ጨዋ ሴት ናት፣ የሰው ገመና አትነካካም ብዬ ወደድኳት።

ፊልሙ የተለጠፈ ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። የምሳ እረፍት ላይ፣ ማይክሮፎን ክፍሌ ውስጥ ሆኜ በስልኬ ከፈትኩት። «ወንድሜ በር አያንኳኳም ነበር» ብላ ጀመረች፤ ከሥር በእኛ ቋንቋ ጽሑፍ ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩ የተረጎመው ነው። ጥሩ አድርጋ ነው የተረከችህ፤ ሰው ስለ አንተ እንዲህ ሲያወራ ሰምቼ ስለማላውቅ ደስ ብሎኝ ነበር። መጨረሻው ላይ አልጋህ መጣ፤ ጫማህ መጣ። «ከተቀበረ በኋላም እናቴ አልጋውን ማንጠፍ አልተወችም» አለች። ከዚያ ራሷ አፏጨች። ከዚያ ጨለማ ሆነ።

ማይክሮፎኑ ክፍት እንደነበር ያወቅሁት አለቃዬ እየሮጠ ሲመጣ ነው። «ወንድሜን!» ብዬ መጮኼን መናኸሪያው በሙሉ ሰምቶታል። ሾፌሮቹ ሞተር አጥፍተው ወደ እኔ መስኮት ያዩ ነበር። አለቃዬ «ምን ሆነ? ሞተ?» አለኝ። አፌን ከፍቼ «አልሞተም» ልለው ፈለግሁ፤ ማለት አቃተኝ። ምን ይዤ ነው አልሞተም የምለው?

ቤት ስደርስ አክስታችን ቀድማኛለች። የትምህርት ጓደኞቼ ለሰው ልከው፣ ያ ሰው ለሌላ ሰው ልኮ፣ ፊልሙ ልጇ ስልክ ላይ ደርሷል። «ምነው ሳትነግሩን! ምነው ብቻችሁን!» እያለች ደረቷን ትመታለች። እማዬ ሳሎኑ መሃል ቆማለች፤ ያልታጠፈ ፎጣ ይዛለች።

«ማን ነው ልጄን ሞተ ያለው?» አለችኝ።

«ስህተት ነው እማዬ። ጎረቤት ናት የተሳሳተችው።»

«ጎረቤት ከማን ሰማች?»

«ከማንም አልሰማችም።»

«እኔ ነኝ የነገርኳት?»

«አንቺማ አይደለሽም።»

«እሷ አገሩን አታውቅ፣ ልጁን አታውቅ። ታዲያ ከአንቺ ሌላ ማን ሊነግራት ይችላል?»

ገባህ? መርዶህን ሰምቼ ከእሷ ደብቄ ለጎረቤት ያወራሁ መሰላት። እኛ ቤት ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚያዝ ታውቃለህ። አባዬ ሆስፒታል ካረፈ በኋላ «ዛሬ ሻል ብሎታል፣ ሾርባ ጠጥቷል» ያልናት እኔና አንተ ነን፤ ዘመድ እስኪሰበሰብ ብለን። አሁን «ደህና ነው» ብላት ሾርባው አይታወሳትም? ደግሞ ደህና ነው ልላትም አልቻልኩም። «እኔም አላውቅም» አልኳት። ዓይኔን አየችኝና «ለባዕድ ነግረሽ ከእኔ ደበቅሽ» ብላ ክፍልህ ገባች። በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

ቅዳሜ መጣ፤ አንሶላህን አላጠበችም። ጠዋት የውሃውን ድምፅ ጠብቄ አጣሁት። ጫማህ ላይ አቧራ አረፈበት፤ አልጋህን ማንም አልነካውም። ፊሽካ፣ እኔ በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ለካ እስካሁን ደህና ነው እያልኩ ሥራ የምገባው፣ የምበላው፣ የምተኛው ያን የእሷን አንሶላ ተማምኜ ነበር። እሷ ማጠብ ስትተው እኔም ተስፋዬን ማን እንደያዘልኝ ጠፋኝ።

ጎረቤትን ደወልኩላት። ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ለካ በእነሱ ሰፈር አልጋን በንጹሕ አንሶላ አንጥፎ፣ ጫማን ከሥሩ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ለሞተ ሰው ብቻ የሚደረግ ነው። ለሚመጣ ሰው አይደረግም፤ ለሄደ ነው። እኔ ስለ ጠፋ ወንድም ባለመጠየቋ ጨዋ ናት ስል፣ እሷ ሐዘኗን ዋጥ አድርጋ የምትሠራ ጨዋ ናት ስትለኝ ከርማለች። ሁለት ጨዋዎች ተገናኝተን አንተን ቀበርንህ።

«ታዲያ የት ነው ያለው?» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች።

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሰፈሩ እንዳይከፋን ብሎ ይተወዋል፤ እማዬም እኔም እርስ በርሳችን አንጠያየቅም። «አላውቅም» አልኳት።

ፊልሙን ወዲያው አነሳችው። የሁለቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሥራቸውን አብረው የሚያሳዩበት ቀን ዓርብ ነው፤ ለዚያ አስተካክላ ልትሠራው ትችላለች። «ታሪኩ የአንቺ ነው። መጨረሻውን ንገሪኝ፣ እንደነገርሽኝ እናገረዋለሁ» አለችኝ። እኔ መጨረሻውን ከየት አባቴ ላምጣው? «ተመለሰ» በይ ብላት ውሸት ነው። «ይመለሳል» በይ ብላት ማን ነግሮኝ። «ጠፋ» በይ ብላት እማዬ ትሰማለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህ ነው፦ ጎረቤት ሳታውቅ ልክ ብትሆንስ? ይህ ሐሳብ አውቶቡስ ስጠራ፣ ጥርሴን ስቦርሽ፣ ሰው ሲያናግረኝ መሃል ላይ ይመጣብኛል። ተናድጄብሃለሁ። ደህና ሆነህ ይህን ሁሉ ካሳየኸኝ በጣም ነው የተናደድኩብህ፤ ደህና ሁንና ልናደድብህ።

ትናንት ጠዋት ላፕቶፑ ፊት ቁጭ ብዬ ይህንኑ ሳሰላስል እማዬ መጣች። ከዚያች ቀን ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ አላወራችኝም ነበር። ወንበር ሳበችና «አሳዪኝ» አለች።

«ምኑን?»

«እሱን ፊልም ነዋ። አገር ያየውን እኔ አላየሁትም።»

ከፈትኩላት። ቋንቋውን ስለማትሰማ፣ ጽሑፉም ስለሚፈጥንባት፣ እኔ ከሥር ከሥር አነበብኩላት። አንተ የምትቀበርበት ቦታ ላይ ድምፄ ቢቆምም አልደነገጠችም፤ አልጋውን ብቻ አየች። ከዚያ ጎረቤት አፏጨች። እማዬ ሳታስበው «ክፍት ነ—» ብላ ጀመረችና አፏን ያዘች።

«መልሺው» አለችኝ። መለስኩት። ደግማ መልሺው አለች። ከዚያ ግንባሯን ቋጠረች።

«ይሄ የእሱ አይደለም።»

«እሷ ናት ያፏጨችው እማዬ፤ እኔ ነግሬያት።»

«የመጨረሻውን ዝቅ አደረገችው። እሱ ከፍ አድርጎ ነው የሚጨርሰው። የሚጠይቅ ነው የሚመስለው፤ አላችሁ ወይ የሚል።»

«አዎ፣ ልክ ነሽ።»

«ፉጨቱን የተሳሳተች ሴት ሞቱን ለምን አትሳሳትም?» አለች።

ልስቅ ወይ ላልቅስ አላወቅሁም። እኔ ስምል ስገዘት ያላመነችኝ ሴት በአንድ ፉጨት ተመለሰች። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ክንዴን ይዛ «የምትደብቂኝ ነገር ካለ አሁኑኑ ንገሪኝ። ሾርባ ጠጣ አትበዪኝ» አለችኝ። ለካ ያን ሁሉ ዘመን ሾርባውን አልረሳችውም።

«የለም እማዬ። በእውነት አላውቅም።»

«እንግዲያው አብረን አናውቅም» አለችና ክንዴን ለቀቀችኝ። «በይ ደውዪላት።»

ጎረቤት ስክሪኑ ላይ ብቅ ስትል ገና እማዬን እንዳየች ማልቀስ ጀመረች። እማዬ «ተይ ተይ፣ የኔ ልጅ፣ አታልቅሺ፤ ይልቅ ስሚኝ» ብላ ልታስተምራት አፏን አሞጠሞጠች። እማዬ ስታፏጭ አይተህ ታውቃለህ? የፊት ጥርሷ ከወለቀ ወዲህ የሚወጣው አየር ብቻ ነው። ጎረቤት ትሞክራለች፣ እማዬ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እኔ መሃል ሆኜ «ከፍ፣ ከፍ» እያልኩ እተረጉማለሁ። በመጨረሻ እማዬ እጇን አወናጨፈች። «ተዪው። አንቺ አታፏጪ፤ ቦታውን ተዪለት። እሱ ሲመጣ ይሞላዋል» አለች። ተረጎምኩላት። ጎረቤት ሳታንገራግር እሺ አለች።

ስለዚህ አዲሱ ፊልም የሚያልቀው እንዲህ ነው። በራችን ይታያል፤ ሙዚቃው ይቆማል፤ ጎረቤትም ዝም ትላለች። ከዚያ ምንም የለም። ፉጨትህ የሚገባበትን ያህል ባዶ ነው። ከባዶው በኋላ ለፉጨትህ የምትመልሰው የእማዬ ድምፅ ይመጣል። የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ስልኬን አስቀምጬ ነው የቀዳኋት፤ አንዴ ብቻ አለችው፣ ድገሚ ብላት እምቢ አለች። መምህራችን ቅጂውን አይተው «መጨረሻው ላይ ድምፅ ጠፍቷል፣ አስተካክሉ» ብለው ጽፈው ነበር። ጎረቤት ናት የመለሰችላቸው፦ «ቦታው የተያዘ ነው።»

ከቀረጻው በኋላ ከክፍልህ የአንሶላ መጎተት ድምፅ ሰማሁ። ቅዳሜ አልነበረም። ገብቼ በሌላኛው ጫፍ ያዝኩላትና አብረን አነጠፍነው።

እኔ ግን እንደ እሷ አልተረጋጋሁም። ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ፤ ካልጮኸም እደነግጣለሁ። ዛሬ ጠዋት አለቃዬን ሳላስፈቅድ ማይክሮፎኑን ከፍቼ ሙሉ ስምህን ጠራሁ፤ «ወደ መረጃ ክፍል ይምጣ፤ ቤተሰቡ እየጠበቀው ነው» አልኩ። ሰዎች ዞር ዞር አሉ። አንተን የሚመስል አልነበረም። አለቃዬ መስኮቴ ድረስ መጣና ሳይቆጣኝ ተመልሶ ሄደ።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ ማብራሪያ አልፈልግም። ለምን ጠፋህ አልልህም፤ ቢያንስ በመጀመሪያው ቀን አልልህም። ሥራው አልሆነልህም፣ አፍረህ ነው፣ ታመህ ነው፣ ወይም ሕይወት ወስዶህ ነው፤ ሁሉም በኋላ ይደርሳል። መናገር ካቃተህ አትናገር። ከየትኛውም ስልክ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ መጨረሻውን ከፍ አድርገህ። ለዓርብ ባይደርስ ከዓርብ በኋላም ቢሆን ይገባል። ቦታህን ማንም አልያዘውም።

እማዬ አሁን ከኋላዬ ቆማ በትከሻዬ በኩል ታያለች። «ምን ብለሽ ጨረስሽው?» ትለኛለች። አልጨረስኩትም፣ አቃተኝ አልኳት። «ተነሺ እስቲ፣ እኔ ልጨርሰው» ብላ ወንበሩን ልትወስድብኝ ነው። ከፊርማዬ በታች ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገች የምትነካው እሷ ናት።

የምትጠብቅህ እህትህ፣ የመናኸሪያዋ ድምፅ

ክፍት ነው ግፋው